በኑግ ዘይት የሳልኩት ልጅ

ጥፋቴን ለመናገር ከዘይት መጀመር አለብኝ፤ ጥፋቱም የጀመረው ከዚያው ነውና።

በደርግ ጊዜ ባሕር ዳር፣ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ፣ ንድፍ ክፍል እሠራ ነበር። ያኔ ሃያ አራት ዓመቴ ነው። የዘወትር ሥራዬ ለአንሶላ የሚታተም አበባ መንደፍ ሲሆን፣ የአብዮት በዓል ሲቃረብ ግን አበባው ይቆይና መፈክር እጽፋለሁ፤ አደባባይ የሚሰቀሉትን የሦስቱን ጢማም ፈረንጆች ፊትም በትልልቅ ጣውላ ላይ አሳድጋለሁ። ቀለሙ የበርና የመስኮት ቀለም ነው፤ ጢሙ ጥቁር፣ ጀርባው ቀይ። ሰው ከሩቅ አይቶ «ቁርጥ እሱን» ሲል እሰማለሁ። ጢማሞቹን በአካል ያየ አንድም ሰው በከተማው እንደሌለ ትዝ አይለኝም ነበር። ሙገሳ ስወድ ለጉድ ነው።

እውነተኛውን የዘይት ቀለም ያየሁት፣ ውጭ አገር ተምሮ የመጣ አንድ የሥዕል መምህር ቅዳሜ ከሰዓት በቀበሌያችን አዳራሽ ማስተማር ሲጀምር ነው። ስንጀምር ስምንት ነበርን። ሐይቁ ዳር ወስዶ ሁለት ሰዓት ሙሉ ለታንኳ የታጨደ አንድ የደንገል ክምር እያየን እንድንቀመጥ ካደረገን በኋላ አምስት ቀረን። ሽንኩርትና ማሰሮ በእርሳስ ብቻ ስንስል ከርመን ደግሞ እኔ ብቻ ቀረሁ። ብቻዬን በመቅረቴ ኮራሁ። እሱ ግን «ሌሎቹ ሥራ ይኖርባቸዋል» ብቻ አለኝ።

ብቻዬን ስቀር የቀለም ሳጥኑን ከፈተልኝ። ከእንጨት የተሠራች፣ እጀታዋ በሽቦ የታሰረ ሳጥን ናት። ውስጧ እንደ ጥርስ ሳሙና በቱቦ የታሸጉ ቀለሞች ተደርድረዋል፤ አንዳንዶቹ ከጅራታቸው ተጠቅልለው ተጠቅልለው ሊያልቁ ደርሰዋል። አንዱን ከፍቶ የምስር ፍሬ የምታህል ቡናማ ጠብ አደረገልኝ። እኔ የለመድኩት የበር ቀለም አንዴ ከተቀባ ተቀባ ነው፤ ይህ ግን ዛሬ የቀባሁትን ነገ ሳስተካክለው እሺ ይላል። የተሳሳትኩትን ጠርጌ እንደገና መጀመር እችላለሁ። እንደ እኔ ላለ ቸኳይ ሰው ከዚህ የበለጠ አታላይ ነገር የለም።

ትምህርቱ ግን ከቀለም አልጀመረም። መጀመሪያ ሸራ ነው። ፋብሪካው ለሠራተኛ ከሚሸጠው ቁራጭ አቡጀዴ ገዛሁ፤ አናጢ ዘንድ ክፈፍ አሠራሁ፤ ጨርቁን ወጥሬ ዙሪያውን በሚስማር መታሁ። ብሩሽ ሳነሣ መምህሩ እጄን ያዘኝ። «ራቁቱን ያለ ጨርቅ ዘይት ካገኘው ይበሰብሳል። መጀመሪያ አልብሺው» አለኝ። የአናጢ ሙጫ በፍል ውሃ አቅልጠን አለበስነው። ሲደርቅ ሙጫና ጀሶ አዋሕደን ሁለት ጊዜ ለቀለቅነው፤ ያም ሲደርቅ በብርጭቆ ወረቀት አሸነው። ይህ ሁሉ ሁለት ቅዳሜ ፈጀ። እስከዚያ ድረስ አንዲት ጠብታ ቀለም አልነካሁም።

«አሁን ሕጉን ስሚ» አለኝ በሦስተኛው ቅዳሜ። «ከታች ቀጭኑ፣ ከላይ ቅባታሙ። የመጀመሪያውን ቅብ በአኳራጅ አቅጥኚው። ከዚያ በላይ ዘይት እየጨመርሽ ሂጂ። ዘይቱም የተልባ ነው፣ ሌላ አይደለም።»

«ለምን የተልባ?»

«ይደርቃላ። ሌላው ዘይት እንደረጠበ ይከርማል። የተልባ ዘይት አየር ሲያገኘው ቆዳ ያወጣል። እሱም ቢሆን ጊዜውን ይፈልጋል።»

የተልባውን ሰማሁ። ጊዜውን ይፈልጋል ያለውን ግን ጆሮ ዳባ ልበስ አልኩት።

ሌላም ብዙ ነገር አስተማረኝ። ብሩሽ በጋዝ ከታጠበ በኋላ በሳሙና ካልታጠበ ፀጉሩ እንደሚደርቅ፣ ቀለም ከቱቦ ሲወጣ ለዛሬ የሚበቃው ብቻ እንደሚወጣ ነገረኝ። የእኛ ሰው ፊት ቡናማ ብቻ እንዳልሆነም አሳየኝ፤ ጥላው ውስጥ አረንጓዴ፣ ግንባሩ ላይ ሰማይ አለበት ሲለኝ ሳቅኩበት። ቤት ገብቼ በመስታወት ሳየው እውነቱን ነው። ከአገጬ በታች እንደ ወይራ ቅጠል ያለ አረንጓዴ አገኘሁ።

ሰኔ ሲገባ መምህሩ ለክረምቱ ለፖለቲካ ትምህርት አዲስ አበባ ተጠራ። ሳጥኑን፣ ብሩሾቹንና ግማሽ ጠርሙስ የተልባ ዘይት ትቶልኝ ሲሄድ እንዲህ አለኝ፤ «ማሰሮ ሳዪ፣ ሎሚ ሳዪ፣ አሣ ሳዪ። እስክመለስ ድረስ ሰው እንዳትስዪ። ሰው ሲሳል የሚጠብቅ ሰው አለ። አሣን የሚጠብቀው ድመት ብቻ ነው።»

እሺ አልኩ።

በግቢያችን ውስጥ፣ ከእኛ ጋር ግድግዳ ተጋርተው የሚኖሩ አንዲት ሴት ነበሩ። እማማ ነው የምላቸው። አገራቸው ይፋግ ነው። ባላቸው ሲሞቱ አንድ ልጃቸውን ይዘው ባሕር ዳር ገቡ፤ ጠላ እየጠመቁ አሳደጉት። ልጁ ከእኔ ሦስት ዓመት ያንሳል። አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሶ ሥራ ሲፈልግ ብሔራዊ ውትድርና ወሰደውና ሰሜን ገባ። መምህሩ በሄደ ሰሞን፣ አንድ ቀን ጎሕ ሲቀድ፣ የቀበሌው ሰዎችና የእድሩ ሽማግሌዎች በራቸው ላይ ቆሙ። በዚያ ሰዓት ሽማግሌ በር ላይ ከቆመ ምን ይዞ እንደመጣ ሁሉም ያውቃል። ጩኸታቸው በግድግዳው አልፎ ከአልጋዬ አስነሣኝ።

አስከሬን የለም፣ መቃብርም የለም። እንዲህ ሲሆን ለቅሶው መካከል የሚቀመጠው የሟቹ ልብስና ፎቶ ነው፤ ዘመድ እሱን እያየ ያለቅሳል። ልብሱ ነበረ። ፎቶው ግን ለትምህርት ቤት መታወቂያ የተነሣው፣ ቴምብር የሚያህል አንድ ጉርድ ብቻ ነው። የባሕር ዳሩ ለቅሶ በዚያችው አለፈ፤ ሰው እየተቀባበለ ወደ ዓይኑ አስጠግቶ ያያታል። ትልቁ ለቅሶ ግን በአርባው ቀን ይፋግ፣ አባቱ አገር ነበር የሚሆነው።

«ያገሬ ሰው በዚች ጥፍር በምታህል ወረቀት ምኑን ያየዋል?» አሉ አንድ ቀን ከእናቴ ጋር ተቀምጠው። «ፎቶ ቤቱ ሄድሁ። ማሳደጊያ ወረቀት የለንም፣ ሲመጣ ተመለሽ አለኝ። አርባው ወረቀት ይጠብቃል?»

እኔ በሩ ላይ ቆሜ ነበር። «እኔ እስልልዎታለሁ፣ እማማ» አልኩ።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ። ለምን እንዳልኩት ብዙ ዓመት ለራሴ ስዋሽ ኖሬያለሁ፤ አዝኜላቸው ነው እል ነበር። ማዘኑንስ አዝኛለሁ። ከሐዘኔ ቀድሞ አፌን የከፈተው ግን ሌላ ነው። የመጀመሪያው የዘይት ሥዕሌ ያ ሁሉ ሰው በተሰበሰበበት መካከል ቆሞ ታየኝ። «ማናት የሠራችው?» ሲባል በጆሮዬ ሰማሁት። በሰው ሞት ላይ ልታይ ልታይ ማለት አማረኝ፤ ሌላ ስም የለውም።

እሳቸው ግን ተነሥተው ጉልበቴን ሊስሙ ጎንበስ አሉ። እናቴ ናት ይዛ ያስቀረቻቸው።

ፊት የማሳድግበት ዘዴ ቀላል ነው። ትንሹን ፎቶ በመስመር ከፋፍዬ፣ ሸራውንም በዚያው ቁጥር ከፋፍዬ፣ ካሬ በካሬ እገለብጣለሁ። መምህሩ «ፎቶው ላይ መስታወት ጣዪና መስታወቱ ላይ አስምሪ፤ ፎቶው ላይ ግን እንዳታሰምሪ» ብሎኝ ነበር። ጢማሞቹን ከጋዜጣ እየቆረጥኩ ስለምሠራቸው ይህን ሕግ ጠብቄ አላውቅም። ያን ቀንም እጄ እንደለመደው ሄደ። ማስመሪያ አስጠግቼ፣ በሰማያዊ እስክሪብቶ፣ ሦስት መስመር ወደ ታች፣ አራት ወደ ጎን አሰመርኩ። ምን እንዳደረግኩ ያየሁት ስጨርስ ነው። የእማማ ልጅ ከሰማያዊ መስመሮች ኋላ ቆሟል። ጣቴን ምራቅ አስነክቼ ጠረግኩት። መስመሩ ፈዘዘ እንጂ አልጠፋም፤ አፍንጫውም አብሮ ፈዘዘ። ደንግጬ ተውኩት። ሥዕሉ ሲያምር ፎቶውን ማን ያስታውሰዋል ብዬ ራሴን አጽናናሁ።

የመጀመሪያውን ቅብ በአኳራጅ አቅጥኜ ደህና አድርጌ ሠራሁ። ችግሩ የመጣው ወደ ላይኛው ስሸጋገር ነው። የተልባ ዘይቱን ሎሚና ማሰሮ ላይ ሳባክነው ከርሜ ጠርሙሷ ሥር የቀረው ሁለት ማንኪያ አይሞላም። ተልባማ እኛ ቤት ሞልቷል፤ እናቴ ቆልታ፣ ወቅጣ፣ በውኃ በጥብጣ ለጾም የምታጠጣን እሱን አይደል? ከተቆላው ላይ ዘግኜ ወቀጥኩ። በአቡጀዴ ቋጥሬ ብጨምቀው ብጨምቀው እጄ ወዛ እንጂ ጠብ የሚል ነገር የለም። ይሞቅ እንደሆነ ብዬ ፍል ውኃ ጨመርኩበት። እናቴ ስትገባ እንደ ልጋግ ከሚጎተት ነገር ጋር ስታገል አገኘችኝ። «ስኳር ጨምሪበትና ጠጪው» ብላኝ ወጣች።

ገበያው አጠገብ ከነጭ ጋዝ እስከ መርፌ የሚሸጡ አንድ ሐጂ ነበሩ። የተልባ ዘይት ጠየቅኳቸው።

«ተልባ ማን ይጨምቃል፣ ልጄ? የኑግ አለ፤ ትናንት ከመጭመቂያው የመጣ» አሉኝ።

«ይደርቃል፣ ሐጂ?»

ገርሟቸው አዩኝ። «ወላሂ፣ ዘይት ይደርቃል ወይ ብሎ የጠየቀኝ ሰው የለም። ድስት ላይ ሲቆይ ይጣበቃል። መድረቁን እንጃ።»

የሚጣበቅ ነገር ውሎ አድሮ መድረቁ አይቀርም ብዬ አሰብኩ። ዘይት ዘይት ነው አልኩና ጠርሙሴን አስሞላሁ።

እማማ በየማለዳው ይመጡ ነበር። መጀመሪያ ቀን ሲገቡ ደጃፉ ላይ ቆም ብለው አየሩን በአፍንጫቸው ሳብ አደረጉ። ከበሩ ሥር ካለችው ዱካ ላይ ተቀምጠው፣ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው፣ ዝም ብለው ያያሉ። ከሁለት ሦስት ቀን በኋላ ቀስ ብለው ማረም ጀመሩ። «ጆሮው ወጣ ይላል» አሉ። «ሲያጠፋ በጆሮው ይዠ ነው ያሳደግሁት፣ አውቀዋለሁ።» ጆሮውን አወጣሁት። «ጠባሳውስ የታለ?» አሉኝ በሌላ ቀን። ፎቶው ላይ ጠባሳ የለም፤ ፎቶ ቤቱ አጥፍቶት ይሆናል። እማማ በጣታቸው የራሳቸውን ቅንድብ ነኩ። «እዚህ ላይ ነው። ከታንኳ ሲወርድ መቅዘፊያ የመታው። ደሙ እየፈሰሰ መጣ፣ በነጠላየ አሰርሁለት። እሱን ካልጨመርሽው የሰው ልጅ ነው፣ የኔ አይደለም።»

ጠባሳውን በወፍራሙ ሠራሁት፤ በጣት ሲዳሰስ ጉብ እስኪል። ከላይ ቅባታሙ የተባልኩትን አስታውሼ ኑጉንም ሳልሰስት ጨመርኩ። ሕግን በግማሽ ማወቅ ጨርሶ ካለማወቅ ይብሳል።

ሥዕሉ ግን ያምር ነበር፤ ይህን ልክድ አልችልም። ጥላው ውስጥ አረንጓዴውን አግብቼበታለሁ፤ ግንባሩ ላይ ብርሃን አለ። ልጁ ከሐይቁ ሲመለስ ግቢያችን በር ላይ ቆሞ እግሩን የሚያራግፍበት ፊት ነው። እማማ የመጨረሻው ቀን ከዱካው ተነሥተው ፊት ለፊቱ ቆሙ። «እሱ ነው» አሉ። «እሱ ነው፣ ልጅየ። አሁንስ ሊናገረኝ ነው።» ያን ጊዜ የተሰማኝን ደስታ ዛሬ ሳስበው ያሳፍረኛል። ሴትዮዋ ከልጃቸው ጋር ሲገናኙ እኔ እጄን አደንቅ ነበር።

ለአርባው አሥራ ሁለት ቀን ይቀራል። በሦስተኛው ቀን ጉንጩን በጣቴ ነካሁ፤ ቡናማው ከጣቴ ጋር መጣ። በስድስተኛውም ያው ነው። ወሩ ሐምሌ፣ አገሩ ባሕር ዳር፤ ጨው እንኳ በጨው ዕቃው ውስጥ የሚያለቅስበት ጊዜ ነው። ፀሐይ ብቅ ስትል ደጅ አወጣሁት፤ ከሐይቁ የተነሣ ትንኝ ፊቱ ላይ ተለጠፈ፤ ከልጁ ግንባር ላይ አንድ በአንድ በመርፌ ለቀምኩ። ከሰል ምድጃ አጠገብ አቆምኩት፤ ወዛ እንጂ አልደረቀም። መምህሩን እንዳልጠይቅ አዲስ አበባ ነው፤ ቢኖርም «ሰው እንዳትስዪ አላልኩሽም?» ነበር የሚለኝ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል። የእኔው የሚለቀምም አልነበረ።

እውነቱን መናገር እችል ነበር። «እማማ፣ አልደረቀም፤ ማንም እንዳይነካው ከፍ አድርገን እንስቀለው» ማለት ይበቃ ነበር። ይህችን ታህል ነገር ከአፌ ማውጣት አቃተኝ፤ ሲያሞግሱኝ የከፈትኩት አፍ ለዚህ አልከፈት አለ። በምትኩ ዕንቁላል ገዛሁ። የዕንቁላል ነጭ ተመትቶ፣ አረፋው ወጥቶለት ሥዕል ላይ ሲቀባ እንደሚያብረቀርቅ መምህሩ ነግሮኝ ነበር፤ ያለው ግን ለደረቀ ሥዕል ነው። መጀመሪያ ላይ ነጩ ከዘይቱ እየሸሸ አስቸገረኝ፤ በሦስተኛው ያዘ። ሲደርቅ ስስ ቆዳ አወጣ። በጣቴ ነካሁት፤ ምንም አልመጣም። እናቴ አስኳሉ ብቻ የቀረበትን ሣህን አይታ «ይህ ደግሞ ለምንድን ነው?» አለችኝ። «ለማሳመሪያ» አልኳት።

ልንሄድ ሁለት ቀን ሲቀረን እማማ መጡ። «ደረቀ?» አሉኝ።

ዓይኔን በጨው አጥቤ «ደርቋል» አልኩ።

ፎቶውንም መለስኩላቸው። ወደ በሩ ብርሃን ወስደው አዩት፤ ቆዩ። «ይኸ መስኮት ምንድን ነው?» አሉ፤ ሰማያዊዎቹን መስመሮች ማለታቸው ነው።

«የሥራው መለኪያ ነው፤ ይለቃል» አልኩ። ያኔውኑ ሌላ ውሸት ደገምኩ። «ይሁን» አሉና በመሐረብ ጠቅልለው ደረታቸው ውስጥ አስገቡት።

የቀበሌ የይለፍ ወረቀታችንን ይዘን፣ እማማ፣ እናቴና እኔ በማለዳው አውቶቡስ ተሳፈርን። ሥዕሉን በአንሶላ ሸፍኜ ጭኔ ላይ አቁሜዋለሁ። የዓባይን ድልድይ ተሻግረን ኬላው ላይ ስንቆም አንድ ወጣት ጠባቂ ገባና አንሶላውን እንድገልጠው አዘዘኝ። ገለጥኩት።

«ማን ነው?» አለ።

«ልጄ ነው» አሉ እማማ። «ሰሜን የቀረ።»

ጠባቂው እጁን ዘርግቶ የሥዕሉን ትከሻ ነካ። ጣቱን ሳየው ንጹሕ ነው። «እግዜር ያጥናዎት፣ እናቴ» ብሎ ወረደ። እኔ ግን ሐዘኑ አልታየኝም፤ ዕንቁላሉ እንደያዘልኝ ብቻ ነው ያየሁት።

ይፋግ ጭቃው እስከ ቁርጭምጭሚት ነበር። ዳስ ተጥሏል። ከየመንደሩ የመጣ ሰው ሞልቶታል። መካከሉ ላይ አልጋ ተዘርግቶ የልጁ ሸሚዝና ጫማው ተቀምጧል። ሥዕሉን ከሸሚዙ በላይ አቆሙት። ሰው ሲያየው ጩኸቱ እጥፍ ሆነ። «ቁርጥ እሱን» የሚል ድምፅ ከወዲያም ከወዲህም ሰማሁ። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ በዚያ ሁሉ ዋይታ መካከል ልቤ ሞቀ።

ከዚያ እማማ ተነሡ። ሁለት ሴቶች በብብታቸው ይዘዋቸው ነበር፤ አስለቅቀው ሄዱ። ሥዕሉን ከአልጋው አንሥተው አቀፉት። እኔ ሲሰቀል አስቤበታለሁ፤ ሲነካም አስቤበታለሁ። እናት ለቅሶ ላይ የልጇን ፎቶ እንደምታቅፍ፣ ከልጅነቴ ጀምሮ በየዳሱ ሳየው የኖርኩትን ነገር ግን አላሰብኩም። ጉንጫቸውን ጉንጩ ላይ አደረጉ። «መጣህልኝ?» እያሉ አለቀሱ፤ እንባቸው በዕንቁላሉ ቆዳ ላይ ወረደ። የዕንቁላል ነጭ በውኃ እንደሚለቅ ሣህን ያጠበ ሰው ሁሉ ያውቃል።

ቀና ሲሉ የልጁ ፊት አብሯቸው ተነሣ። ቡናማው ጉንጫቸው ላይ ነው። ቅንድቡ ነጠላቸው ላይ ተጎትቷል። ያ ወፍራም ጠባሳ ከዓይናቸው ሥር ተለጥፏል። ሸራው ላይ የቀረው አንድ ዓይን፣ አንድ ጆሮና የታሸ ቀለም ነው።

ለቅሶው ቆመ። ዝናቡ ዳሱን ሲደበድብ ይሰማል። ተናገሪ አልኩ ራሴን፤ አሁን ተናገሪ። አፌን ሳልከፍት አልቃሿ ቀደመችኝ፤

«ሳይሰናበታት ሄዶ የነበረ፣
ዛሬ በናቱ ጉንጭ መጥቶ ሰፈረ።»

ዳሱ እንደ አዲስ ጮኸ። «ስሟት ሊሄድ መጥቶ ነው» አሉ አንድ ሽማግሌ፤ ቃሉ ከአፍ ወደ አፍ ዞረ። ሴቶቹ እየመጡ የእማማን ጉንጭ በጣታቸው ነክተው ጣታቸውን ይስማሉ። አንዲት አሮጊት ደግሞ «የሠራችው እሷ ናት» ሲባሉ ወደ እኔ መጡ፤ ሁለት እጄን ይዘው «እጅሽ ይባረክ» አሉኝ። ከእሳቸው ጣት ቡናማው ወደ እኔ ተላለፈ። እኔም «አሜን» አልኩ። እናቴ ብቻ ከማዶ ሆና አየችኝ፤ አስኳሉን ያየችው እሷ ናት።

መምህሩ በመስከረም ተመልሶ «ክረምቱን ምን ሳልሽ?» ሲለኝ «አሣ» ነው ያልኩት። ሳጥኑን መለስኩለት፤ ሌላውን እስከ ዛሬ አልነገርኩትም። የነገርኩት ለእማማ ብቻ ነው፤ ያም በለቅሶው ማግስት፣ ወደ ባሕር ዳር ስንመለስ፣ አውቶቡሱ ሐሙሲት ላይ ለሻይ ሲቆም ነው። እናቴ ወርዳለች። እማማ አልወረዱም። ሸራውን በአንሶላው ጠቅልለው ጭናቸው ላይ ይዘውታል። ጉንጫቸውን አልታጠቡም፤ ጠባሳው ከዓይናቸው ሥር እንዳለ ነው።

ሌሊቱን ሙሉ እንቅልፍ አልወሰደኝም ነበርና ከዚያ በላይ መሸከም አቃተኝ። «እማማ» አልኩ፤ «ልጅዎ መጥቶ አይደለም። ቀለሙ አልደረቀም ነበር። የተልባ ዘይት ሲያልቅብኝ በኑግ ሠራሁት፤ በላዩ ዕንቁላል ቀባሁበትና ደርቋል ብዬ ዋሸሁዎት። ፎቶውንም ያበላሸሁት እኔ ነኝ፤ መስመሩ አይለቅም።»

ወደ እኔ ዞሩ። ይቆጡኛል ብዬ ጠበቅኩ፤ ቢቆጡኝ ደስ ባለኝ።

«አውቃለሁ» አሉ።

«ምኑን?»

«ኑግ ስወቅጥ የኖርሁ ሴት ነኝ እኮ። ቤትሽ የገባሁ ዕለት ሸተተኝ። ኑግ ይደርቃል ብሎ የነገረሽ ማን ነው?»

ያን ሁሉ ማለዳ እዚያች ዱካ ላይ ተቀምጠው፣ ሲያርሙኝ፣ እያወቁ ነበር። «ደረቀ?» ብለው የጠየቁኝም እያወቁ ነው። እውነቱን እንድናገር በር ከፍተውልኝ ነበር፤ እኔ ነኝ የዘጋሁት።

«ታዲያ እያወቁ ለምን አቀፉት?» አልኩ።

አንሶላውን በእጃቸው ዳሰስ አደረጉት።

«ሌላ ምን ልቀፍ?» አሉኝ።

እናቴ በመስኮቱ በኩል ሻይ አቀበለችን። የእሳቸውን ብርጭቆ ተቀብዬ ስሰጣቸው እጄ ላይ አሁንም ቡናማ ነበረ።